የአባባ ቅጠሎችና የእኔ ጽሑፍ

ሰኞ፣ ከአዳማ እስከ ጎባ

የሮቤው አውቶቡስ ከአዳማ መናኸሪያ የሚነሳው ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ነው ይባላል። እኛ የተነሳነው አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ለመናደድ በቂ ጊዜ ነበረኝ፤ እኔ ደግሞ ሲፈጥረኝም ለንዴት ቅርብ ነኝ። ቦርሳዬ ውስጥ የደም ግፊት መለኪያ፣ የሦስት ወር ኪኒን፣ ለአባባ የገዛሁት ሹራብና ሁለት ኪሎ ብርቱካን አለ። ከሁሉም የሚከብደው ግን መንገዱን ሙሉ በልቤ ስደጋግመው የነበረው ንግግር ነው። አባቴን ልቆጣ እየሄድኩ ነበር።

ፋርማሲስት ነኝ። አዳማ ውስጥ በአንድ መድኃኒት ቤት መስኮት ላይ ከቆምኩ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖኛል። አባቴ አቶ ተሾመ ጡረታ የወጡ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ናቸው፤ የተወለዱትም፣ ያገቡትም፣ ከአራት ዓመት በፊት እናቴን የቀበሩትም ጎባ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ደም ግፊት እንዳለባቸው ከታወቀ ወዲህ ሐኪሙ ያዘዘላቸውን ኪኒን በየሦስት ወሩ የምልክላቸው እኔ ነኝ፤ አወሳሰዱንም በየፓኬቱ ላይ በእጄ እጽፍላቸዋለሁ።

ገና ሊገባ ሳምንት ሲቀረው ጎረቤታችን እትዬ አስካለ ደወሉልኝ። አባባ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ዞሮባቸው፣ ግራ እጃቸው አልታዘዝ ብሏቸው፣ አጥር ተደግፈው ተገኝተዋል። ሲለካ ግፊታቸው ጣሪያ ነክቶ ነበር። እጃቸው ከግማሽ ሰዓት በኋላ ቢመለስም ሐኪሙ፣ “ይህ ማስጠንቀቂያ ነው፤ ሁለተኛው እንዲህ ላይመለስ ይችላል” ብሏቸዋል። እትዬ አስካለ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የጨመሩት ነገር ደግሞ አንገበገበኝ።

“መሲዬ፣ ሐሜት አይሁንብኝ እንጂ ጓዳው ቅጠል በቅጠል ሆኗል። ኪኒኑን የሚውጡትም አይመስለኝም።”

ለእኔ ነገሩ እዚያው አለቀ። ኪኒን ትተው ቅጠል የያዙ ሰዎች መጨረሻቸው ምን እንደሚሆን አውቃለሁ። ጥምቀት አልፎ ፈቃድ እስካገኝ እንቅልፍ አልነበረኝም። የመንገዴ ዓላማ አንድ ብቻ ነበር፤ ቅጠሉን ከጓዳ ማስወጣትና ኪኒኑን ወደ አባባ አፍ መመለስ።

ከአሰላ በኋላ ብርዱ በመስኮቱ ክፍተት ይገባል። በቆጂን አልፈን ወደ አሳሳ ስንወርድ ሜዳው ታጭዶ ገለባ ብቻ ቀርቶታል፤ አንድ ቦታ ላይ ጎማው የተነፈሰ ኮምባይነር መንገዱን ዘግቶ ሃያ ደቂቃ አቆመን። አዳባ ላይ ምሳ በላን። ሽሮ በመቶ ሃያ ብር፣ ሻይ በአሥራ አምስት። ሻዩ ሳልጠይቅ ጦስኝ ተጨምሮበት መጣ። ከአዳባ ወዲያ ሻይ ያለ ጦስኝ ማዘዝ እንግዳነትን ማወጅ ነው። እኔ ግን ቀድቶ ላመጣው ሰውዬ፣ “ያለ ቅጠል ስጠኝ” አልኩት። ፊቱን አይቼ አዘንኩለት፤ ቢሆንም አልጠጣሁም።

ዲንሾ ልንደርስ ስንል አንድ ሽማግሌ አርሶ አደር ትልቅ እስር ቅጠል ይዘው ገቡና አጠገቤ ተቀመጡ። አውቶቡሱ ወዲያው ሸተተ። ጭቁኝ ነው፤ እዚያ አካባቢ ከመንገዱ ዳር እስከ ኮረብታው ድረስ አመድማ መስሎ የበቀለው።

“አካም ጂርታ፣ ልጄ? ሽታው አስቸገረሽ?” አሉኝ።

“ይህ ሁሉ ለምንድን ነው፣ አባቴ?”

“ለልጄ ነው። ሮቤ ቤት ተከራይታ ቁንጫ ፈጃት። ከፍራሽ ሥር ይነጠፋል።”

“የሚረጭ መድኃኒት አለ እኮ።”

“መኖሩማ አለ። ግን አራስ ናት። የሚረጨውን ሕፃኑም ይተነፍሰዋላ። ይሄን ቢተነፍስ ምን ይሆናል? እኔም በዚሁ ላይ ተኝቼ ነው ያደግኩት።”

መልስ መስጠት ያለብኝ ባለሙያዋ እኔ ነበርኩ። እኔ ግን ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ፤ ከመንገዱ ብዙም ሳይርቁ ሦስት የደጋ አጋዘኖች ቆመው አውቶቡሱን ያያሉ። ሮቤ ስንደርስ ሽማግሌው ከእስሩ አንድ ቅርንጫፍ መዘው ጭኔ ላይ አኖሩልኝና፣ “ነጋ” ብለው ሰላም ተመኝተውልኝ ወረዱ። መጣል አሳፍሮኝ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

ከሮቤ ጎባ በሚኒባስ አርባ ብር ነው። ሮቤ ሜዳው ላይ ተዘርግታ በአዳዲስ ሕንፃ ስትጠመድ፣ ጎባ ከፍ ብላ በባሕር ዛፏና በቆርቆሮዋ ውስጥ ተቀምጣለች። አባባ ካፖርታቸውን ለብሰው፣ አንገታቸውን በፎጣ ጠምጥመው፣ መናኸሪያው በር ላይ ይጠብቁኛል። ከስተዋል። አቅፈው ሲስሙኝ ግራ እጃቸው ጀርባዬ ላይ ጥብቅ ሲል ተሰማኝና ዕንባዬ መጣ። ንግግሬን ለነገ አሳደርኩት።

ማክሰኞ፣ ጓዳው

ቁርስ ቅንጬ በቅቤ ነበር። አባባ በልተው እንደጨረሱ ፓኬቱን ከመሳቢያ አወጡ፣ አንዷን ኪኒን ምላሳቸው ላይ አደረጉ፣ ውኃ ጠጡ፣ ከዚያም እኔ እንዳይ አፋቸውን ከፍተው አሳዩኝ። ሳቅን። ከዚያ ግፊታቸውን ለካሁ። መቶ ስልሳ አምስት በዘጠና ስምንት። ሳቄ ጠፋ።

ፓኬቱን ተቀብዬ ኪኒኑን ቆጠርኩ። ኅዳር መጀመሪያ ላይ ዘጠና ልኬ ነበር፤ በየቀኑ ቢዋጥ ከአሥራ አምስትና ከአሥራ ስድስት በላይ መቅረት አልነበረበትም። ሃምሳ ስድስት አለ።

“አባባ፣ ይህ ምንድን ነው?”

“ምኑ?”

“ኪኒኑን አይውጡትም ማለት ነው።”

“እንደጻፍሽው ነው የምውጠው።”

“እንደጻፍኩት ቢሆንማ ይህ ሁሉ አይተርፍም ነበር።”

“እንደጻፍሽው ነው አልኩሽ፣ መሠረት።” ሙሉ ስሜን የሚጠሩት ነገሩ ሲከብድ ብቻ ነው።

እኔም ልመልሰው የማልችለውን አፌ አወጣው። “ለእኔ እንኳ ባይዋሹኝ።”

አባባ ሠላሳ ሁለት ዓመት የሰው ቃል ሲጽፉ የኖሩ ሰው ናቸው። ምስክር የተናገረውን ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ መጻፍ ነበር ሥራቸው፤ ቤትም ውስጥ ቢሆን፣ የተጻፈ ነገር ካለ ክርክር የለም። ዋሽተሃል ያላቸው ሰው ስለመኖሩ አላውቅም። ኩባያቸውን ቀስ ብለው አስቀመጡ፣ ካፖርታቸውን አነሱና ወደ ግቢ ወጡ።

እኔ ወደ ጓዳ ገባሁ። እትዬ አስካለ አላጋነኑም። ከግድግዳ ግድግዳ በተወጠረ ገመድ ላይ የደረቀ ቅጠል በእስር በእስር ተሰቅሏል፤ መደርደሪያው ላይ የእንጨት ቁርጥራጭ፣ በጣሳ የተቀመጠ ፍሬ፣ በጨርቅ የተቋጠረ ዱቄት አለ። በእያንዳንዱ እስር ላይ ትንሽ ወረቀት በክር ታስሯል። የአባባ ጽሑፍ መሆኑን ከሩቅ አየሁት። አላነበብኩትም። ጆንያ ፈልጌ ሁሉንም እያወረድኩ ጠቀጠቅኩበትና በሩ አጠገብ አቆምኩት። እጄ ሲሸት ዋለ።

አባባ ተመልሰው ሲገቡ ጆንያውን አዩት። ዞረውት አለፉ። ይህ ከቁጣ ይልቅ ከበደኝ፤ ግን ልክ ነኝ ብዬ አምኛለሁና ቻልኩት።

ቤቱ ያለ ቅጠሎቹ እንዴት እንደሚውል ያየሁት በዚያው ዕለት ነው። በመጀመሪያ እትዬ አስካለ ራሳቸው መጡ። “መሲዬ፣ ለዓይብ ትንሽ ጤና አዳም ልውሰድ ብዬ።”

“እርስዎ አይደሉም እንዴ ቅጠል በዛ ብለው የደወሉልኝ?”

“እኔ ለዓይብ ነው እንጂ ለበሽታ አልኩሽ?” ብለው ጆንያውን ፈትተው፣ ጎንበስ ብለው የሚፈልጉትን መዘዙና ሄዱ። ምሳ ላይ ሽሮው በሶብላ አጥቶ ውኃ ውኃ አለኝ። ማታ ልጠጣው የቀዳሁት ወተት ደግሞ ጭሱ የለውም፤ ለካ አባባ ወተት የሚያስቀምጡበትን ቅል በየቀኑ በወይራ ያጥኑት ነበር። የልጅነቴ ወተት ጣዕም ከላሟ ይመስለኝ ነበር እስከዚያ ቀን።

ረቡዕ፣ ገበያው

ረቡዕ የጎባ ገበያ ነው። አባባ ማልደው ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። እኔ ደግሞ ቅጠሉን የሚሸጥላቸውን ሰው ፈልጌ ልክ ላስገባ ወጣሁ። ሁለት ሰው ስጠይቅ ሁለቱም አንድ ስም ነገሩኝ፤ አዴ ፋጡማ።

ገበያው ከገሰራና ከአጋርፋ በኩል ጭምር በመጡ ሰዎች ሞልቷል። ነጭ ሽንኩርት በክምር፣ ገብስ በጆንያ፣ ቅቤ በኮባ ተጠቅልሎ። አዴ ፋጡማ ከቅቤ ተራው ጫፍ፣ ጥግ ላይ ሸራ አንጥፈው ተቀምጠዋል። ሰባ ዓመት ሊሆናቸው ይችላል፤ ሻሻቸው አረንጓዴ፣ ጣታቸው ቡናማ። ተራዬ እስኪደርስ ቆሜ አየኋቸው።

ሰው መጥቶ የቅጠል ስም ሲጠራ አዴ ፋጡማ እጃቸውን ወደ ቅጠሉ አይሰዱም። መጀመሪያ ይጠይቃሉ። “ለምንድን ነው?” አንዲት ወጣት አደስ አለች፤ “ለምን?” “ከቅቤ ጋር ለፀጉር።” ሰጧት። ጠላ የምትጠምቅ ሴት ግራዋ አለች፤ “ለምን?” “ለጋን ማጠቢያ።” ሰጧት። የክትፎ ቤት ባለቤት ኮሰረት፣ አንድ ልብስ አጣቢ እንዶድ፣ አንድ ሽማግሌ የወይራ መፋቂያ። የሚያውቋቸውን ሰዎች እንኳ ይጠይቋቸዋል፤ ሰዎቹም የሰላምታ ያህል ለምደውታል። አንድ ጎልማሳ ኮሶ ሲላቸው ግን ጥያቄው በዛ። “ለማን?” “ለሚስቴ።” “ስንት ዓመቷ ነው? ነፍሰ ጡር ናት?” ሰውየው አመነታ። “ሂድ ጤና ጣቢያ ውሰዳት፤ እኔ አልሰጥም” አሉት። ተከራከራቸው፤ ፊታቸውን ወደ ቀጣዩ ሰው አዞሩ።

ቀጣዩ ሰው እኔ ነበርኩ። “የአቶ ተሾመ ልጅ ነኝ” አልኳቸው።

“ያ ረቢ! የየሺ ልጅ? ኢንተላ ኮ፣ ልጄ!” ብድግ ብለው ጉንጬን ሳሙኝ። እናቴን በስሟ የሚጠራ ሰው ካጋጠመኝ ቆይቷል። ያዘጋጀሁት ንዴት ትንሽ ተናጋ። ቢሆንም ጠየቅኩ።

“አዴ፣ ለአባባ ለደም ግፊት ምን ቅጠል ነው የሰጧቸው?”

“ለግፊት? ለግፊት ቅጠል የለኝም እኔ። ወላሂ የለኝም። እኔ ራሴ ግፊት አለብኝ፤ ኪኒን ነው የምውጠው።” ከሸራው ሥር ፕላስቲክ ቦርሳቸውን ጎትተው ፓኬቱን አሳዩኝ። “አባትሽ የሚወስደው ለሻይ ጦስኝ፣ ለወተቱ እቃ ወይራ፣ ለቅቤው ኮሰረት። ለግፊት ጠይቆኝ አያውቅም።”

“ታዲያ ኪኒኑን ለምን አይውጡም? ከግማሽ በላይ ተርፏል።”

“መቼ ዋጥ ነው ያልሽው?”

“ጠዋት።”

አዴ ፋጡማ ፓኬታቸውን ወደ ቦርሳው መለሱ። ከዚያ፣ “ረቡዕ ጠዋት?” አሉኝ።

አልገባኝም።

“አባትሽ ረቡዕ ረቡዕ ገበያ ሲመጣ ሻይ እሰጠዋለሁ። ‘አዴ፣ ጾም ነው፤ ሰዓቱ አልደረሰም’ ይለኛል። ውኃ እንኳ አይነካም። በዚያ ላይ ይሄ የገና ጾማችሁ ስንት ቀን ነው? አርባ ምናምን? እኛ ረመዳን ሲቀርብ ሐኪሙ ጋ ሄደን ኪኒናችንን ለማፍጠሪያ እናስቀይራለን። እናንተ ለማን ነው የምትናገሩት?”

የገበያው ጫጫታ ከጆሮዬ ጠፋ። አባባ የወደቁት በጾሙ መጨረሻ ሳምንት ላይ ነው። ጾም እንደሚጾሙ ደግሞ ከተወለድኩ ጀምሮ አውቃለሁ።

በባጃጅ ወደ ቤት ተመለስኩ። መሳቢያውን ከፍቼ ፓኬቱን አወጣሁ። ትናንት ኪኒኑን ስቆጥር ጽሑፉን አልፌው ነበር፤ የራሴን ጽሑፍ ምን ብዬ አነባለሁ? በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ በራሴ እጅ፣ “ጠዋት ቁርስ ሲበሉ አንድ” ይላል። “ቁርስ ሲበሉ” ከሥሩ ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል። ባዶ ሆዳቸውን እንዳይውጡት ብዬ ነበር።

አባባ እስኪመለሱ ጆንያውን ጓዳ ወስጄ ፈታሁና እያንዳንዱን እስር እያወጣሁ ወረቀቱን አነበብኩ። በዚያ በሚያምር የጸሐፊ እጃቸው የቅጠሉ ስም፣ የሚሠራው ሥራና የተሰቀለበት ቀን ተጽፏል። ጦስኝ፣ ለሻይና ለበርበሬ፣ ጉንፋን ሲይዝ። ወይራ፣ ለወተት እቃ ማጠኛ። ኮሰረት፣ ቅቤ ሲነጠር። ዳማከሴ፣ ለምች፣ ታሽቶ የሚሸተት። ጭቁኝ፣ ከፍራሽ ሥር፣ አይጠጣም። ጠጅ ሳር፣ ለበዓል ጉዝጓዝ። ኮሶ፣ ሐኪም ሳይጠየቅ ለማንም አይሰጥ። አንዷ አነስ ያለች የአሪቲ እስር ላይ፣ “የሺ ነጠላዋ ውስጥ የምታስቀምጠው” ይላል። ደም ግፊት የሚል ቃል አንድም ቦታ የለም። እሳቸው የእኔን ጽሑፍ እስከ ነጥቡ አክብረው ሲኖሩ፣ እኔ የእሳቸውን አንድ መስመር እንኳ ሳላነብ ጠቅልዬ ልጥለው ነበር። አፈርኩ። ጓዳው ወለል ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

አባባ ሰባት ሰዓት ላይ ገቡ። ፓኬቱን ይዤ ጠበቅኳቸው።

“አባባ፣ ዛሬ ኪኒን ውጠዋል?”

“አልዋጥኩም።”

“ለምን?”

“ረቡዕ ቁርስ የለም” አሉኝ፣ ይህን አለማወቄ እየገረማቸው። “ቁርስ ሲበሉ ነው የሚለው። ሁለት ጊዜ አስምረሽበታል።”

“ታዲያ ለምን አልጠየቁኝም?”

“ባለሙያ የጻፈውን ምን ብዬ እጠይቃለሁ? ለጾም ቀን ሌላ የሚያስፈልግ ቢሆን ትጽፊው ነበር አልኩ። የኔ ጾም መቼ ጠፍቶሽ ያውቃል?”

ጎንበስ ብዬ ጉልበታቸውን ሳምኩ። “ይዋሻሉ ስላልኩዎ ይቅር ይበሉኝ።” በቀኝም በግራም እጃቸው ራሴን ይዘው ቀና አደረጉኝና፣ “እግዚአብሔር ይቅር ይበለን። በይ፣ ጽሑፉ ይሻሻል” አሉ።

መሻሻሉ ግን ቀላል አልነበረም። የሚከታተላቸውን ሐኪም ስልክ ደውዬ አገኘሁትና ሰዓቱን መቀየር እንደሚቻል ተስማማን፤ ዋናው በየቀኑ በአንድ ሰዓት መዋጡ ነው። “እንግዲህ ዘጠኝ ሰዓት” አልኩ። አባባ ራሳቸውን ነቀነቁ። “ሑዳዴ ሲገባ ከዘጠኝ ያልፋል። ሕማማት ላይ ደግሞ እስከ አሥራ ሁለት ነው።” “እሺ፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ይሁን።” “ስቅለትና ቀዳም ሥዑር አከፍላለሁ፤ ሁለቱን ቀን ሙሉ አልቀምስም።” እኔ በእምነታቸው መግባት አልፈለግኩም፤ ያ እጅ ሁለተኛ እንዲዝል ደግሞ አልፈልግም። “አባባ፣ እኔ ብቻዬን መቅረት አልችልም” አልኳቸው።

“ለሱ የነፍስ አባቴን አነጋግራለሁ” አሉ በመጨረሻ። ከዚያ እስክሪብቶውን አቀበሉኝ። እኔም ጻፍኩ፦ “በየቀኑ ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ አንድ። ጾም ቢሆንም፣ ባይሆንም።” አባባ መነጽራቸውን አድርገው ሁለቴ አነበቡት፤ ከሥሩ ቀን አስጻፉኝና አስፈረሙኝ።

ሐሙስና ዓርብ፣ ወደ ላይ

ሐሙስ ጠዋት ወደ ዶሎ መና የሚሄድ አይሱዙ ላይ ተሳፍረን ከጎባ ወደ ላይ ወጣን። ሹፌሩ ስለ አባባ ብሎ ገንዘብ አልተቀበለንም። የኮሶ ዛፎቹ ሲጀምሩ ወረድን፤ ግንዳቸው የተጣመመ፣ አበባቸው እንደ ወይን ዘለላ ቁልቁል የተንጠለጠለ። ቦታው ብሔራዊ ፓርክ ነው፤ መቅጠፍ ክልክል ስለሆነ አባባ ከመንገድ ዳር ከሚሸጡ ሁለት ሴቶች ላይ አራት እስር ጦስኝ በሰማንያ ብር ገዙ። ቀዝቃዛው ነፋስ ጆሮ ይቆርጣል። ድንጋይ ላይ ተቀምጠን ብርቱካን ላጥን።

“እናትሽ ስትሞት” አሉኝ፣ “ጓዳው ውስጥ ካለው አንዱንም አላውቀውም ነበር። እሷ በማሽተት ነበር የምታውቀው። አንድም ቦታ አልተጻፈም። ወተቱ ጣዕሙ ሲቀየርብኝ፣ ልብሴን ብል ሲበላው፣ ያኔ ነው የየሺ ሥራ መሆኑ የገባኝ። እያንዳንዱን ቅጠል እየያዝኩ አዴ ፋጡማ ጋ እየሄድኩ፣ ይሄ ለምን ነበር እያልኩ ጻፍኩት።” ልጣጩን ኪሳቸው ከተው፣ “አሪቲውን ግን አዴ ፋጡማም አላወቀችልኝም፤ ያንን እኔው አውቀዋለሁ” አሉ።

ቤት እንደገባን ቅጠሎቹን አብረን መልሰን ሰቀልን። ከሽማግሌው የተሰጠኝን የጭቁኝ ቅርንጫፍ ከፍራሼ ሥር አደረግኩት።

ዓርብ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ አባባ የምስር ወጣቸውን በልተው፣ የጦስኝ ሻያቸውን ቀድተው፣ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት እያዩ ጠበቁ። ሲሞላ ዋጡ። ሦስት ዓመት ሙሉ በጾም ቀን ያልዋጡትን ኪኒን ነው የዋጡት። እኔም ከሻያቸው ቀድቼ ጠጣሁ። ቅዳሜ ማለዳ ሳልነሳ ለካኋቸው፤ መቶ ሃምሳ ሁለት በዘጠና። በሁለት ቀን ተአምር አይጠበቅም፤ ሆኖም መንገዴን ቀለል ብሎኝ ሄድኩ።

ሰኞ፣ መስኮቴ ላይ

እሑድን ቤቴ አርፌ ሰኞ ሥራ ገባሁ። አዴ ፋጡማ ፊደል የቆጠሩ አይመስለኝም፤ ነገር ግን አንድ እፍኝ ግራዋ ለመስጠት የሚጠይቁትን ያህል እኔ መድኃኒት ስሰጥ ጠይቄ አላውቅም። ዕድሜ እጠይቃለሁ፣ አለርጂ እጠይቃለሁ፣ ጥዋትና ማታ እያልኩ እጽፋለሁ፤ ሰውየው ጥዋቱን እንዴት እንደሚያሳልፈው ግን አልጠይቅም። ይህን ለመማር ጎባ ድረስ መሄድና አባቴን ውሸታም ማለት ነበረብኝ።

የመጀመሪያው ደንበኛዬ የቆዩ ሰው ናቸው፤ መምህር የነበሩ፣ ጋሽ ወርቁ የምላቸው። ማዘዣቸውን ሰጡኝ። የደም ግፊት ኪኒናቸውን አወጣሁ፣ እስክሪብቶዬን አነሳሁ፣ “ጠዋት” ልጽፍ ስል እጄ ቆመ።

“ጋሼ፣ ረቡዕ ረቡዕ ይህን መቼ ነው የሚውጡት?”

ዞር ብለው ከኋላቸው ያለውን ሰልፍ አዩና ወደ መስኮቱ ጠጋ አሉ።

“ረቡዕማ ጾም ነው” አሉኝ በለሆሳስ። “ዓርብም አልውጥም። ምነው፣ አንቺ የምታውቂ መስሎኝ?”

ጋሽ ወርቁ ይህን ኪኒን ከእኔ እጅ ሲወስዱ ስድስተኛ ዓመታቸው ነው።